«አርትለስ» የምትባል ቃል

ሰሞኑን አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ስመልስ «አርትለስ» የምትል ቃል ላይ ቆምኩ። የአንዲት ሴት ፈገግታ ነው እንዲህ የተባለው። ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

«አርት» በድሮ እንግሊዝኛ ሙያም፣ ዘዴም፣ ብልጠትም ነበር። ስለዚህ «አርትፉል» ብልጣብልጥ ነው። «አርትለስ» ደግሞ ተንኮል የሌለበት፣ ያልተቀባባ። ስለ እጅ ሥራ ሲነገር ግን «ሙያ የጎደለው» የሚል ነቀፋም ይሆናል።

መጀመሪያ «የዋህ» ብዬ ጻፍኩ። በጣም የምወደው ቃል ነው። ወንጌል «እንደ ርግብ የዋሆች ሁኑ» በሚልበት ቦታ ግሪኩ «ያልተቀላቀለ» ማለት ነው፤ ውኃ እንዳልገባበት ወይን። እንዴት ያምራል! ዛሬ ግን ሰው «አንቺ የዋህ ነሽ» ሲለኝ ቶሎ ትሸወጃለሽ ማለቱ ነው። ሰረዝኩት።

ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። አንዴ ፎቶ ቤት ወስጃት፣ አንሺው ልጅ «እማማ፣ ፈገግ ይበሉ» አላት። «ምን ተገኘ ልጄ?» አለችው። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ልጁ ሳቀ። የእሱን ሳቅ አይታ እሷም ሳቀች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ የጎደለ ጥርሷን በእጇ ሳትሸፍን። ያኔ ቀጭ አደረገው። ፎቶው አሁንም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ።

እሱን እያየሁ «ለማንም ብላ ያላመጣችው ፈገግታ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷን ቃል በሦስት ተካሁ፤ ግን አልቆጨኝም።