በከባዱ ቀንም የማይቀሩ ትንንሽ ልማዶች፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጭንቀትና ድብርት እንዳይጫወትብኝ ብዬ ስለያዝኳቸው ትንንሽ ልማዶች እጽፋለሁ ብዬ ነበርና ይኸው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር መጠኑ ነው፣ ማለትም ልማዱ ከአልጋ መነሳት በሚያስጠላኝ ቀንም ልሰራው የምችል መሆን አለበት። ደህና በሆንኩበት ቀንማ ሩጫ ምናምን ብሎ ፕሮግራም ማውጣት ቀላል ነው፣ ግን ድብርት ሲመጣ ቀድሞ የሚወስደው ያንን ፍላጎት ነው። ስለዚህ ማታ ራሴን የምጠይቀው "ደስ ብሎኛል ወይ" ሳይሆን "አድርጌዋለሁ ወይ" ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባለሙያዎች ድብርትን የሚያክሙበት ቢሄቪየራል አክቲቬሽን የሚባል ዘዴ አለ፣ እሱም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ትንሽ ነገር አድርጉ፣ ስሜቱ ከኋላ ይደርሳል።

ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት እነሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድም ጭምር፣ ከዛ ፊቴን እንደታጠብኩ ወደ ውጪ። ቤት ውስጥ ያለ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አያልፍም፣ ውጪ ግን ደመና ቢሆን እንኳ በሺዎች ነው የሚቆጠረው፣ አይናችን ያንን ሲያገኝ አእምሯችን ውስጥ ያለው ሰዓት ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፣ ማታ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓትም በዛው ይስተካከላል። በደህና ቀን በእግሬ ዞር ዞር እላለሁ፣ በከባዱ ቀን በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ፣ እሱም ይቆጠራል!

በጣም የወደድኩት ግን የማታውን ወረቀት ነው። አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ወረቀቱን መሃል ለመሃል አሰምርና በግራ የሚያስጨንቀኝን፣ በቀኝ ደግሞ ነገ የማደርገውን አንድ ነገር እጽፋለሁ። ለምሳሌ ግራ ላይ "አለቃዬ መልስ አልሰጡኝም፣ ስራዬን አልወደዱትም መሰለኝ" ካልኩ፣ ቀኝ ላይ "ሪፖርቱን አይተውት እንደሆነ ጠዋት እጠይቃቸዋለሁ"። ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ትልቅ የነበረው ነገር አንድ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ቀኝ በኩል የሚጻፍ ሲጠፋ ደግሞ "ከኔ እጅ ውጪ" ብዬ አልፈዋለሁ፣ እሱን መጻፍ ራሱ ቀለል ያደርጋል። አሜሪካ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ57 ወጣቶች ላይ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ፣ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሰሩትን የጻፉት፣ የጨረሱትን ስራ ከጻፉት ወደ 9 ደቂቃ ቀድመው ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው፣ ዝርዝር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ቶሎ። ስለዚህ "ስራ" ብላችሁ አትተዉት፣ የትኛው ስራ፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን ጻፉት።

ቀን ላይ ልቤ ሲመታ ወይ ሰው ሲያናድደኝ አየር በአራት ቆጥሬ አስገብቼ በስድስት ወይ በስምንት ቀስ ብዬ አወጣለሁ፣ ስናስወጣ የልብ ምት ስለሚዘገይ ማውጫው ረዘም ይበል። ቡና ከምሳ በኋላ የለም፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታላ።

ደሞ 21 ቀን ላይ ልማድ ይሆናል የሚባለውን እርሱት፣ ብዙ ሰው እሱን ጠብቆ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ላይ ነገሩ ሳያስቡት የሚሰራ ልማድ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነው፣ ከ18 እስከ 254 ድረስ ይለያያል፣ አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ባይሆን ልማዱን ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፣ እኔ ወረቀቱን ጥርሴን ከመቦረሽ ጋር ስላሰርኩት ማስታወሻም አላርምም አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ፣ ድብርቱ ወይ የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ቀኑን ሙሉ ሆኖ ሁለት ሳምንት ከቆየ በልማድ ብቻ አትታገሉት፣ ባለሙያ ጋር ሂዱ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ። ልማዶቹ ከህክምናው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ቀጥሎ የምይዘው ስልኬን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት ነው። ይሄን የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ማታ እጃችሁ ስልክ ሲፈልግ ምን ትሰጡታላችሁ?