ማንኬቶን አልፎ ኤስተርቪል፦ የገበሬ ደብዳቤ ተከትዬ

ሚኒሶታ የሚኖር አበሻ ቅዳሜ ሲመጣ ወይ ሰርግ አለበት ወይ ለቅሶ። ሁለቱም የሌለበት ቅዳሜ ተገኘና ጓደኛዬን ጎትቼ ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ወጣን። "የት ነው የምንሄደው?" አለኝ። ኤስተርቪል፣ አይዋ። "እዛ ምን አለ?" በቆሎ።

እኔን የወሰደኝ ግን ደብዳቤ ነው። ግሩ ስቬንድሰን የምትባል ኖርዌጂያዊት በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከባሏ ከኦሌ ጋር ሃሊንግዳል ከሚባል ተራራማ አገር ተነስታ አሜሪካ ገባች። በዓመቱ ኤስተርቪል አጠገብ እርሻ ጀመሩ። ከዚያ እስክትሞት ድረስ ለቤተሰቧ ስትጽፍ ኖረች። ደብዳቤዎቹ ዛሬ በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። በነገራችን ላይ በዚያው በ1862 የኛው ቴዎድሮስም ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው መልስ ይጠብቁ ነበር። የግሩ ዘመዶች እንኳን መልስ ይሰጡ ነበር።

እሱ ይነዳል፣ እኔ አነብለታለሁ። የዚያ ዘመን ስደተኛ ገበሬ ደብዳቤ አጀማመሩ የኛው ነው፦ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እናንተስ ለጤናችሁ እንዴት ሰነበታችሁ። ቀጥሎ ማን ወለደ፣ ሕፃኑ የየትኛው አያት ስም ወጣለት፣ ከብቱ ስንት ደረሰ፣ ስንዴ ስንት ያወጣል። ግሩ ደግሞ ስለ ወተት ትጽፋለች። አገር ቤት ሳለች አሜሪካ ወተት ማቆየት አይቻልም ሲባል ሰምታ ይገርማት ነበር። መጥታ ስታየው ለካ እውነት ነው፤ የበጋው ሙቀት ያበላሸዋል። ነጎድጓዱንም አልቻለችውም። ጓደኛዬ "እናቴም ስለ እዚህ ወተት ነው የምትጠይቀኝ" ብሎ ሳቀ።

"እኛስ እንምጣ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር። ብዙዎቹ በቀጥታ "ኑ" ማለት ይፈሩ ነበር፤ መጥቶ ያልቀናው ዘመድ ዕድሜ ልኩን ይወቅሳላ! መሬቱን፣ ዋጋውን፣ ደሞዙን ዘርዝረው ውሳኔውን ለጠያቂው ይተዉታል። ዛሬ ስልክ ላይ የምናደርገው ምን ይለያል?

ማንኬቶ ቆምን። ቡና ለመጠጣት ነበር፣ ግን ወንዙ ዳር ያለውን መታሰቢያ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። በዲሴምበር 26 ቀን 1862 እዚህ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች (ዳኮታ የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናቸው) በአንድ ጊዜ ተሰቅለዋል። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው በፍርድ የተገደለበት ሌላ ጊዜ የለም። ዳኮታዎች በ1851 ውል አብዛኛውን መሬታቸውን ለቀው ነበር፤ ሊከፈላቸው የሚገባው ገንዘብ ዘግይቶ ርሀብ ሲጠናባቸው ነው በዚያው ዓመት በጋ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ጦርነት የተነሳው። ስማቸው በትልቅ የብራና ጥቅል ቅርጽ ላይ ተጽፏል። አንብቤ አልጨረስኩትም።

ያልጠበቅኩት ነገር እነሱም ደብዳቤ ጻፊዎች መሆናቸው ነው። ከመሰቀል የተረፉት እስረኞች ወደ ዳቬንፖርት፣ አይዋ ተወሰዱ። ብዙዎቹ መጻፍ የለመዱት እስር ቤት ነው። በገዛ ቋንቋቸው፣ በዳኮታ፣ ለሚሲዮናዊው ስቲቨን ሪግስ ይጽፉ ነበር፤ ዘመዶቻቸውንም ይጠይቁ ነበር። ሚስትና ልጆቻቸው ክረምቱን ፎርት ስኔሊንግ ታግተው ከርመው፣ በ1863 ክሮው ክሪክ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ተጭነዋል። ፎርት ስኔሊንግን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ሰው ለመቀበል ወደ ኤርፖርት ስንሄድ በአጠገቧ ነው የምናልፈው። እንግዲህ በነዚያው ዓመታት፣ በዚያው አይዋ፣ አንዱ "መሬት አገኘን" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ልጆቼ የት ናቸው" ይላል። ከማንኬቶ በኋላ ለተወሰነ መንገድ ማንበቤን ተውኩ።

ኤስተርቪል ትንሽ ከተማ ናት። የደ ሞይን ወንዝ ምዕራባዊ ክንድ ያልፍባታል፣ ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ መሬቱ ጠፍጣፋ። ከተማዋ የምትኮራው በ1879 ከሰማይ በወደቀባት ትልቅ ድንጋይ ነው። ከተራራ አገር የመጣች ሴት ይሄን ሜዳ ስታይ ምን ብትል አይገርመኝም፤ እኔ የወሎ ልጅ እንኳ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣሁ። ኦሌ በ1864 ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተመልምሎ ሲሄድ ከልጆቿ ጋር እዚሁ ቀርታለች። በ1870ዎቹ ደግሞ አንበጣ ይህን አካባቢ ዓመት እየጠበቀ በላው።

በ1878 አሥረኛ ልጇን በወለደችበት ጊዜ ሞተች። ከዚያ በኋላ ለቤተሰቧ ብዕር ያነሳው ገበሬው ኦሌ ነው። እኛ መርዶ ስንነግር ጎህ ሳይቀድ እንሄዳለን፣ ጎረቤት እንሰበስባለን፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው እናዘጋጃለን፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ እንኳ ለባለቤቱ ሳይሆን መጀመሪያ ለሌላ ዘመድ ነው የምንደውለው። የኦሌ መርዶ ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ በፖስታ ነው የሚደርሰው። ማን እንደሚከፍተው አያውቅም። ጓደኛዬ እዚህ ጋ መኪናውን ዳር አቆመና "እስቲ ድገመው" አለኝ።

ኦሌ በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ያኔ ዳኮታ ግዛት በሚባለው፣ በዛሬው ሰሜን ዳኮታ፣ ውስጥ ትሬል ካውንቲ ሄደ። ከፋርጎ ትንሽ ወደ ሰሜን ነው፤ ከሚኒያፖሊስ 94 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ይሄዳሉ። ጓደኛዬ በጥር ካልሆነ ይመጣል፤ ነዳጁን ግን እኔ ነኝ የምችለው።