ኮሮላዬ ጅሬን ዳገት ላይ ስትቆም

እማዬ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየችው በልጅነቷ ነው። ሚያዝያ ላይ የአጎቴን አርባ ልናወጣ ጅማ ስንሄድ "ጊዜ ካገኘን ጅሬን ወጥተን እንየው" አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲበተን እሷንና አክስቴን ጭኜ ወጣሁ። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ዳገት ነው። ግማሹን ሳንወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ፣ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ተነሣ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ምልክት ሰጥታኝ ነበራ! ዓርብ ስንመጣ የጊቤን ድልድይ ተሻግረን ወደ አበልቲ ስንወጣ ጌጁ ከመሃል አልፎ ነበር። "የበረሃው ሙቀት ነው" ብዬ አለፍኩት። ቆመን አረፍን፣ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጨመርኩ፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ያኔ ልቤ የነገረኝን ብሰማ ኖሮ ሁለት ትልልቅ ሴቶችን ዳገት መሃል ፀሐይ ላይ አላቆምም ነበር።

መኪናዬ የ1997 ሥሪት ኮሮላ ናት። 11 ዓመት ነድቻታለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሞተሯን የነካት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎፋ አካባቢ ያለ መካኒክ። ጋሼ ነው የምለው። አንድ ቀን እንኳ ያልተበላሸ ዕቃ አስቀይሮኝ አያውቅም። እሱ ግን አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ጅማ። በመሃላችን 350 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ የጊቤ በረሃም እዚያው መሃል ላይ ነው።

አንድ የባጃጅ ልጅ በጀሪካን ውሃ አመጣልን። እማዬንና አክስቴንም በነጻ ወደ ቤት መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይነካም፤ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ሊሰነጥቅ ይችላል። ሲበርድ ሞላሁት። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፤ ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ቀስ እያልኩ ቁልቁል ወደ ከተማ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ኮፋኖውን ከፍቶ ሦስት ደቂቃ አየ። "ጋስኬት በልታለች። ቴስታታው ይውረድ" አለ። ጋስኬት ማለቱ በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለውን ማሸጊያ ነው። ዘይቱን አላየም፣ ሞተሩንም አላስነሣም። ለጅምሩ 28 ሺህ ብር ጠራልኝ። ነገ እሑድም ቢሆን ሰው መጥቶ ይፈታዋል አለኝ። ያለው እውነት ሊሆን ይችል ነበር። እንዲህ የጋለች መኪና ጋስኬት ብትበላ አይገርምም። እኔን ያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። መኪናዋን አክስቴ ግቢ አሳድሬ አስብበታለሁ አልኩት። ቅር አለው።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አክስቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። አንዱ በገመድ አስጎትቺያት አለኝ። ይሄን ወዲያው ጣልኩት። ሞተሩ ካልሠራ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በዚያ ሁኔታ የጊቤን ቁልቁለት መውረድ በነፍስ መጫወት ነው። ሌላው ባዶ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ጫኛት አለ። ይህ ደህና ሐሳብ ነበር። ስልክ ተደውሎ 25 ሺህ ብር ተጠራ። ጉብታ ተፈልጎ፣ መኪናው ወደ ኋላ ተጠግቶ፣ አንድ ቶን የምታህለው ኮሮላ ተገፍታ ትገባለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ እዚሁ ተያት፣ በአውቶቡስ ሂጂና መካኒክሽን ይዘሽ ተመለሺ አለኝ። ይህም ያስኬዳል፤ የጋሼን የሁለት ሦስት ቀን ሥራ፣ ትራንስፖርትና አልጋ መክፈል ነው።

ሌሊቱን ሳገላብጠው አንድ ነገር ገባኝ። ጥያቄውን "ጅማ ውስጥ ማንን ልመን?" እያልኩ ስለምጠይቅ ነበር መልስ ያጣሁት። በአንድ ማታ ሰው አምናለሁ ማለት አልችልም። ሥራውን ግን ለሁለት መክፈል እችላለሁ፤ ቢበላሽ የሚመለስና የማይመለስ። ሽቦ ቢቀጠል፣ ክዳን ቢቀየር፣ ጎማ ነክ ዕቃ ቢለወጥ፣ ስህተት ቢሆን እንኳ ጎፋ ስደርስ ይታረማል። ቴስታታ ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወረደ በኋላ ብረት የሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጨት አለበት። አዲስ ጋስኬት ይፈልጋል። ብሎኖቹ በተራቸውና በልካቸው መጥበቅ አለባቸው። ከምንም በላይ፣ የተከፈተ ሞተር ይዤ ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ አልችልም። ቢጣመምብኝም፣ ዋጋ ቢጨመርብኝም፣ እዚያው ታስሬ እቀራለሁ። ስለዚህ የማይመለሰው ሥራ ከጋሼ በቀር በማንም እጅ አይሠራም፤ ሌላውን ግን ደህና እጅ ካገኘሁ ጅማ ላይ አሠራለሁ። ይህን ስወስን ቀለል አለኝ።

ግን መጀመሪያ የትኛው ሥራ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እሑድ ጠዋት ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"ልጄ፣ እንዳታስከፍቺ" አለኝ ገና ሳልጨርስ። "ሞተሩ ሌሊቱን አድሯል፣ ቀዝቅዟል። አሁን የማዝሽን አድርጊ።"

ስልኩን በቪዲዮ አድርጌ የአጎቴ ልጅ ያዘልኝ። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አሳየሁት። ውሃ ከገባበት ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ የእኔ ጥቁር ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን አስነሣሁ። ጋስኬት ከበላ ከውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ አልወጣም። ጭሱን ከኋላ አየሁ። ነጭ ሆኖ የሚቀጥል ነገር የለም። ክዳኑን ገጠምኩና ጌጁ እስኪወጣ ጠበቅን። ከመሃል አለፈ። ፋኑ አልተነሣም። ትንሽ ጠበቅን፣ አሁንም አልተነሣም።

"አጥፊ፣ አጥፊ! አገኘሽው" አለ ጋሼ።

ለካ ሜዳ ላይ በፍጥነት ስሄድ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራልኝ ነበር። ዳገት ላይ ግን በከባድ ማርሽ ቀስ ስል ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው። ጊቤም ጅሬንም ዳገት ናቸው። ክዳኑንም ገልብጬ አሳየሁት። ላስቲኩ ተሰንጥቋል። ጋሼ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርግልናል። የተሰነጠቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፣ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት የባጃጁ ልጅ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰደኝ። ባጃጁን የሚያሠራው እሱ ጋ ነው። ልጁ 25 ዓመት ቢሆነው ነው። ምንም ሳይፈታ ሁለት ሽቦ ከባትሪው አምጥቶ ፋኑን ነካው። ፋኑ ዞረ።

"እህቴ፣ ፋኑ ጤነኛ ነው። ትእዛዝ ነው ያልደረሰው" አለኝ። ፋኑን የሚያስነሣውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ሪሌውን፣ ነቅሎ አሳየኝ። እግሩ ተቃጥሏል።

ጋሼ ልጁን በስልክ አገናኚኝ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል በአፋን ኦሮሞ አወሩ። እኔ ከሁሉ የያዝኩት "ቴስታታ"፣ "ባትሪ"፣ "ፊውዝ" የሚሉትን ብቻ ነው። ቴስታታ ከጣሊያን ነው የመጣው፤ ጋራዥ ውስጥ በየትኛውም ቋንቋ ቢወራ ያው ቴስታታ ነው። ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅሁት ድምፃቸውን ነው። ልጁ እየጠየቀ፣ ጋሼ እየመለሰ፣ ከዚያ ጋሼ እየጠየቀ ልጁ ሲመልስ ሰማሁ። ስልኩን ሲመልስልኝ ጋሼ "ይሥራው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልጁ ሪሌውንና ክዳኑን ቀየረ። በተጨማሪ ከመሪው ሥር ትንሽ ማብሪያ ገጠመልኝ፤ ሪሌው መንገድ ላይ ቢያስቸግር ፋኑን በእጄ እንዳስነሣ። ፊውዝ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሽቦውን ተከትሎ ፊውዙን በጣቱ አስነካኝ። ሁሉም ዕቃና ሥራ 2,400 ብር ወጣ። የተቃጠለውን ሪሌ በፌስታል አድርጎ "ለመካኒክሽ አሳዪው" አለኝ።

ጊቤን ከመድፈሬ በፊት ግን በቅርብ ዳገት ልፈትናት ፈለግሁ። ስለዚህ እማዬንና አክስቴን ይዤ እንደገና ወደ ጅሬን። በዚህኛው ዙር ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ፋኑ እየተነሣ እየጠፋ አደረሰን። እማዬ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብታ የእንጨቱን ደረጃና በረንዳ በእጇ እየዳሰሰች ዞረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጅማን የገዙት ከዚህ ነው። ልጅ ሆና አባቷ ትከሻ ላይ ተሸክሟት እንደነበር ነገረችን፤ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እኔ ከእነሱ ጋር አሥር ደቂቃ ቆየሁና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ቆማ ስትሠራ ፋኑ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቆጠርኩ።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ጊቤን ፀሐይ ሳትበረታ ማለፍ ነበር ሐሳቤ። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አለፍን። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ከጌጁ አልነቀለችም። "መሃል ናት፣ መሃል ናት" እያለች ወልቂጤ ደረስን። የአይሱዙውን ሹፌር ስልክ ግን በኪሴ ይዤ ነበር። ቀዩን አንዴ ብትነካ እዚያው አቁሜ ልጠራው ወስኜ ነበር የወጣሁት።

በማግሥቱ ጋሼ ራዲያተሩን አወረደው። ታችኛው ክፍል በዝቃጭና በውሃ ጨው ተደፍኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለዓመታት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በመግዛት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ስሞላ ኖሬያለሁ። የሞተሩን ግፊት ለካ፤ አራቱም ሲሊንደር ደህና ናቸው። ቴስታታው አልተነካም።

ፌስታሉን ሰጠሁት። ሪሌውን በካቻቢቴ ከፍቶ የተቃጠለውን ቦታ ለተማሪዎቹ አሳየ። ከዚያ እጁን ጠርጎ ስልኩን አወጣ።

"የዚያን ልጅ ቁጥር ስጪኝ" አለኝ። "ደንበኞቼ ጅማ ሲሄዱ የምሰጣቸው ሰው አልነበረኝም።"