«ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብለውኝ ነበር

ኤክስ በሁለቱም በኩል ያለበትን እኩልታ መፍታት ያን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ተንገላትቼበታለሁ። ጥፋቱ ግማሹ የአስተማሪዬ፣ ግማሹ የራሴ ነው።

ቅንፍ ካለ ይፈታል፣ ተመሳሳዮቹ ይሰበሰባሉ። እዚህ ድረስ ሰላም ነበርኩ። ጣጣው የመጣው «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ከምትለው ሕግ ነው። ሰሌዳ ላይ ተጻፈች፣ እኔም ደብተሬ ላይ በቀይ ከበብኳት። ለምን እንደሚቀየር የነገረን የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ፈተና ላይ ይቺ መጣች፦

7 - 3ኤክስ = 2ኤክስ - 8

ማይነስ 3ኤክስን ወደ ቀኝ አሻገርኩ፣ ፕላስ ሆነ። ማይነስ 8ን ወደ ግራ አሻገርኩ፣ እሱም ፕላስ ሆነ። 15 = 5ኤክስ። ልክ ነኝ። ከዚያ 5ንም አሻገርኩት። ሲሻገር ምልክቱ ይቀየር የለ? ማይነስ 5 አደረግኩት። 15 ለማይነስ 5 ሲካፈል ማይነስ 3። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበትና ቀድሜ ወጣሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ ስፈልገው የነበረው ኤክስ በቀይ እስክሪብቶ ተሠምሮ መጣልኝ። አጠገቡ «ተጠንቀቅ» ይላል። ከምኑ ነው የምጠነቀቀው? እስካሁን ያናድደኛል።

ማይነስ 3ን መልሼ ብተካው ኖሮ እኮ ስህተቴን ወዲያው አየው ነበር። ግራው 7 + 9፣ 16 ይመጣል። ቀኙ ማይነስ 14። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚሻገር ነገር የለም። በሁለቱም በኩል 3ኤክስ ስደምር ግራው ላይ ይጣፋል፣ ቀኙ ላይ ይታያል። ሌላ ተአምር የለውም። 5 ግን ከኤክስ ጋር የተባዛ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለ5 አካፍላለሁ፣ ምልክት የሚባል ነገር አይነሳም። ኤክስ 3 ነው። የሒሳብ ሊቁ ሮበርት ሪከርድ በ1557 እ.ኤ.አ. የእኩል ምልክትን ሲያወጣ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። ድልድይ ነው አላለም።

«ኤክስን ሁልጊዜ ወደ ግራ ሰብስቡ» የሚባለውንም አልቀበልም። ከኤክስ ጋር የተባዛው ቁጥር ትልቅ ወደሆነበት ሰብስቡ። እዚህ ማይነስ 3 እና 2 ናቸው፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ብትወስዱት ማይነስ 5ኤክስ = ማይነስ 15 ይሆናል። መሳሳቻ ማይነስ በነፃ መጨመር ምን ይሉታል?

ኤክስ ድንገት ከሁለቱም በኩል ቢጠፋባችሁም አትደንግጡ። 3ኤክስ + 1 = 3ኤክስ + 5 ላይ 1 = 5 ይቀራል፤ መፍትሄ የለውም ማለት ነው። 2ኤክስ + 6 = 2(ኤክስ + 3) ላይ ደግሞ 6 = 6 ይቀራል፤ የትኛውም ቁጥር ይሆናል። እኔ ይሄን የነገረኝ ስላልነበረ 6 = 6ን ሦስት ጊዜ በላጲስ አጥፍቼ ወረቀቱን በስቼዋለሁ።