ፓራውልቱ ከአንገቴ ቀድሞ ዳነ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳለ አንድ ኮሮላ ከኋላዬ መጥቶ ቪትዜን ገጨው። ሾፌሩ ወርዶ «ለምን ድንገት ትቆሚያለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። ከጥቂት ጭቅጭቅ በኋላ ትራፊክ ሳንጠራ ተስማማን፤ ለፓራውልቱ ማሠሪያ 6,000 ብር ተቀብዬ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ በስልክ መብራት እያበራን ደጋግመን ስንመረምር፣ ስለ ገዛ ሰውነታችን ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ጠዋት ራሴን ከትራስ ያነሣሁት በእጄ ደግፌ ነው። አንገቴ ደርቆ ወደ ቀኝ አልዞር አለ፤ ከማጅራቴ የተነሣ ራስ ምታት እስከ ዓይኔ ሥር ይደርሳል፤ በትከሻዎቼ መካከል ደግሞ ከባድ ነገር ተሸክሜ ያደርሁ ይመስል ያመኛል። እናቴ «ብርድ መትቶሽ ነው፣ መስኮት ከፍተሽ እየነዳሽ» ብላ በቪክስ አሸችኝ፤ ማታ ምንም ስላልተሰማኝ እኔም ሕመሙን ከግጭቱ ጋር አላገናኘሁትም። ሐሙስ ዕለት ማዞር ሲጨመርበትና ቢሮ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሳይገባኝ ሲቀር ነው ወደ ክሊኒክ የሄድኩት።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር ለቡሄ ጅራፍ ሲጮኽ እየሰማ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፈረንጆቹም ዊፕላሽ የሚለውን ስም ያወጡለት ከጅራፍ ነው። መኪና ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ጀርባችንን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነው ጭንቅላታችን ግን ባለበት ለመቆየት ስለሚሞክር፣ ሰባቱን የአንገት አጥንቶች የሚያያይዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች በሁለቱ መካከል ይለጠጣሉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ተመልሶ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ አንገትን አጠንክሮ ለመከላከል ፋታ የለም። የተለጠጠው ሥጋ የሚያብጠውና የሚቆጣው ቀስ እያለ በመሆኑም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል።

ራጅ እንዲያዝልኝ ጠብቄ ነበር፤ አለማዘዙ መጀመሪያ አናደደኝ። እርሱ ግን የአንገቴን አጥንት መሐል ለመሐል በጣቱ ተጫነ፣ እጆቼ ደንዝዘው ወይም ዝለው እንደሆነ ጠየቀ፣ በመጨረሻም አንገቴን በራሴ ኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል እንዳዞር ጠየቀኝ። ካናዳውያን ሐኪሞች በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ በቀላል የኋላ ግጭት የተጎዳ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ከ65 ዓመት በታች የሆነና እንደ መደንዘዝ ያለ አሳሳቢ ምልክት የሌለበት ሰው ይህን ያህል ማዞር ከቻለ ራጅ አያስፈልገውም፤ ራጅ የአጥንት ስብራትን እንጂ የጅማት መለጠጥን አያሳይምና። እያመመኝም ቢሆን አዞርኩት። እጅ ወይም እግር የሚደነዝዘው ወይም የሚዝለው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚያስመልሰው ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት እንጂ በታክሲ አስቀምጦ መውሰድ አይገባም።

ፓራሲታሞልና ትኩስ ፎጣ ታዘዘልኝ። ከሁሉ የከበደኝ ትእዛዝ ግን «አይተኙ፣ አንገትዎን ያንቀሳቅሱ» የሚለው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአንገት መደገፊያ አምጥቶልኝ ሁለት ቀን አድርጌው ነበር፤ ከበሬታ እንዳስገኘልኝ አልክድም፣ ሰው ሁሉ ወንበር ይለቅልኝ ነበር። ይሁን እንጂ ስብራት ለሌለበት አንገት ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ሲቆይ ጡንቻውን ያሰንፋል፣ ድርቀቱንም ያባብሳል። ፊዚዮቴራፒስቷ አገጬን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግን፣ ትከሻዬ ላይ እንደማይ ሆኜ ቀስ ብዬ መዞርን አስተማረችኝ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሕመሙ እስኪቆነጥጥ እንጂ እስኪያስጮኽ አይደለም። ጎረቤቶቼ ስመ ጥር ወጌሻ ዘንድ ሊወስዱኝ ፈልገው ነበር። ለወጌሾች ንቀት የለኝም፣ ወለም ያለው እግሬን አድነውልኛል፤ ነገር ግን የተጎዳ አንገትን በኃይል ማዞርና ማንቋቋት የደም ሥርንና የነርቭ ገመድን ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ ላይ አልተደራደርኩም።

ሦስት ሳምንት መኪና አልነዳሁም፤ ወደ ጎን መዞር የማይችል አንገት ይዞ መንዳት ለሌላውም አደጋ ነው። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ይድናል፣ ከዚያ በላይ የሚቆይበትም ጥቂት አይደለም። እኔ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። የፊዚዮቴራፒው ወጪ ፓራውልቱን አሠርቶ የተረፈውን ገንዘብ በሁለተኛው ሳምንት ጨረሰው፤ ያን ጊዜ ያንን ወረቀት አውጥቼ «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ፖሊስ መዝግቦት ቢሆን ኖሮ የሦስተኛ ወገን መድን የሚባለው ነገር ለሰው አካልም መሆኑን የማስታውስበት ዕድል ይኖረኝ ነበር።

ወደ መሪው ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት የወንበሩን የራስ መደገፊያ ነው። ጫፉ ከአናት ጋር መስተካከል፣ ከጭንቅላቱም ኋላ ብዙ አለመራቅ ሲገባው፣ የእኔ እስከ ታች ወርዶ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ጭንቅላትን ከመያዝ ይልቅ ወደ ኋላ እንዲቆለመም ያግዘዋል። ከፍ ላደርገው ብሞክር አልንቀሳቀስ አለ። ለካ ለጌጥ ያሰፋሁት የወንበር ልብስ መደገፊያውንና ወንበሩን አንድ ላይ ሸፍኖ ሰፍቶታል። መቀስ አምጥቼ ቀደድኩት፤ እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ «ስንት ብር የወጣበት ልብስ!» እያለች ታዝን ነበር።