ነጥብ ሁለት ሰው

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን ታሪክና መንግሥት ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ባርነትን በአንድ ምዕራፍ፣ የፕሬዚዳንት ምርጫን ደግሞ ከወራት በኋላ በሌላ ምዕራፍ አስተምር ነበር። መማሪያ መጽሐፉ እንዲያ ስለከፈላቸው፣ ሁለቱ ጉዳዮች ምን ያህል የተቆላለፉ እንደሆኑ ተማሪዎቼ ቀርተው እኔም አላሰብኩበትም። የነቃሁት አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ በባርነት የተያዙት ሰዎች ሙሉ በሙሉ እንዲቆጠሩ የፈለገው ማን ነበር? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሰሜኑ!» አለ።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የሚደለደለው በሕዝብ ቁጥር ስለሆነ፣ እንዲቆጠሩ የፈለጉት ድምፅ የነፈጓቸው የደቡብ ግዛቶች ነበሩ። ስምምነቱ ከቁጥራቸው ሦስት አምስተኛው ብቻ ይቆጠር የሚል ላይ ቆመ። ሕገ መንግሥቱ ግን «ባርያ» የሚለውን ቃል አፍሮበት ይመስል፣ «ሌሎች ሰዎች» ብሎ ነው የሚያልፋቸው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን ግዛቶቹ የሚሰይሟቸው መራጮች ናቸው፤ የየግዛቱ መራጮች ብዛት የምክር ቤቱ ወንበር ከሁለት ሴናተሮች ጋር ተደምሮ የሚገኝ በመሆኑ፣ ያው ሦስት አምስተኛ በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ምርጫ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ንግግሬን አሳጥሬ ስሌቱን ለተማሪዎቹ ሰጠሁ። በ1790 የሕዝብ ቆጠራ ቨርጂኒያ 454,983 ነጻ ሰዎችና 292,627 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሯት፤ ፔንሲልቫኒያ ደግሞ 430,636 ነጻና 3,737 በባርነት የተያዙ። ለ33,000 ሰው አንድ ወንበር ይሰጣል፤ ትርፉ ይጣላል። መጀመሪያ ነጻዎቹን ብቻ ያካፍላሉ፤ ለሁለቱም 13 ይወጣል። ቀጥለው ሦስት አምስተኛውን ይጨምራሉ፤ ፔንሲልቫኒያ እዚያው 13 ላይ ስትቀር ቨርጂኒያ 19 ትደርሳለች። በስድስቱ ትርፍ ወንበሮች የሚቀመጡትን የመረጡት፣ የተቆጠሩት ሰዎች ሳይሆኑ ጌቶቻቸውና የጌቶቻቸው ጎረቤቶች ናቸው።

አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠ፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ልጅ የ292,627ን ሦስት አምስተኛ በስልኩ አስልቶ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ቲቸር፣ ይቺ ነጥብ ሁለት ማን ናት?» አለኝ። በመስታወቱ ላይ 175,576.2 ይነበባል። መልስ አልነበረኝም፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። አሁን ሌሎች ቁጥሮችን ሳጠጋጋ ያቺን ነጥብ ሁለት ግን ሰሌዳው ላይ እተዋታለሁ።

በማግሥቱ ወደ 1800 የፕሬዚዳንት ምርጫ እናልፋለን፤ በመራጮች ድምፅ የቨርጂኒያው ጀፈርሰን 73፣ ፕሬዚዳንት የነበረው የማሳቹሴትሱ አዳምስ 65። የቨርጂኒያን ስድስት ብቻ ብንቀንስ ጀፈርሰን አሁንም በሁለት ይመራል። የደቡቡ ትርፍ በሙሉ ሲቀነስ ግን አዳምስ ይቀድም እንደነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ አብዝቼዋለሁ። በግኝቱ ተነሣሥቼ የመራጮቹ ሥርዓት ለባርነት ብቻ ተብሎ የተፈጠረ አድርጌ አስተማርኩ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ የጉባኤውን ማስታወሻ አንብባ መጣችና፣ ፕሬዚዳንቱ የምክር ቤት መሣሪያ እንዳይሆን የነበረው ስጋትና ሕዝቡ የሩቅ ግዛት ዕጩዎችን አያውቅም የሚለው ክርክርም እዚያው እንዳለ አሳየችኝ። በጉባኤው የቨርጂኒያ ተወካይ የነበረው ጄምስ ማዲሰን ጁላይ 19 ቀን፣ ሕዝቡ በቀጥታ ቢመርጥ ደቡቡ በጥቁሮቹ ምክንያት ተጽዕኖ እንደሚያጣ፣ መራጮች ቢሰየሙ ግን ችግሩ እንደሚቃለል መናገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም እርሱ ራሱ በዚያው ንግግር የሕዝብ ምርጫን ከሁሉ የተሻለ ብሎታል። ያን ሳምንት የተሳሳትኩትን በክፍሉ ፊት አርሜያለሁ።

አሁን ትምህርቱን ባርነት በተሻረበት በ1865 አላቆምም። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ በ1868 ሦስት አምስተኛውን ሻረው፤ የፌዴራሉ ወታደሮች በ1877 ከደቡብ ከለቀቁ በኋላ ግን ግዛቶቹ ጥቁሮችን በድምፅ ግብርና በንባብ ፈተና ከምርጫ ጣቢያ አራቋቸው። ስለዚህ በፈተናው ላይ በ1850 አላባማ ውስጥ በባርነት የተያዘ ሰውና በ1910 እዚያው የሚኖር የልጅ ልጁ እያንዳንዳቸው ስንት ተብለው እንደሚቆጠሩና ድምፅ ይሰጡ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስለ አያቱ ያለማመንታት ይጽፋሉ። የልጅ ልጁ ጋ ሲደርሱ፣ አንድ ሙሉ ሰው ተቆጥሮ ድምፅ የሌለው ሲሆንባቸው፣ በየዓመቱ ሁለት ሦስት እጆች ይወጣሉ፤ ጥያቄው የትየባ ስህተት አለበት ወይ ለማለት።