የቡዳፔስት ፎቶኮፒ ማሽኖች

በሃንጋሪ ተወልዶ ኒውዮርክ ላይ የከበረው ባለሀብት ጆርጅ ሶሮስ ለትውልድ አገሩ ካደረገው ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ፎቶኮፒ ማሽኑ ነው እላለሁ። ቡዳፔስት ስማር ስለዚህ ጉዳይ ያላነበብኩት ያለ አይመስለኝም፤ ዛሬም የውጭ ገንዘብና ዴሞክራሲ አብረው በተነሱ ቁጥር ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. 1984 ነው። ኮሚኒስት ፓርቲው ገና ሥልጣን ላይ እያለ ሶሮስ ከሃንጋሪ ሳይንስ አካዳሚ ጋር ተፈራርሞ ፋውንዴሽን አቋቋመ። በዚያ ዘመን ጽሑፍ የሚያባዛ መሣሪያ የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚጠቀምበት ቁጥጥር ይደረግበት ነበር። ፋውንዴሽኑ ማሽኖቹን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍትና ለምርምር ተቋማት አስገባላቸው። እነሱ በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት ከፈሉት፤ ያ ፎሪንት ደግሞ ዞሮ እዚያው አገር ለጸሐፊዎች፣ ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎች ድጋፍ ሆነ። ማሽኑ ሲበዛ ማን ምን እንዳባዛ ተከታትሎ መድረስ አዳገተ።

እኔን የሚማርከኝ ብልሃቱ ብቻ አይደለም። ምን እንደሚባዛ ከኒውዮርክ የወሰነ ሰው አልነበረም። ሃንጋሪያውያኑ የሚያባዙትን ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ማሽኑ ነው።

በ1992 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽንም እንደዚሁ ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ የተመራማሪ ደመወዝ ከወር ወር የማያደርስ ሆኖ ሳለ፣ ሶሮስ 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከዚያ ላይ ከ20,000 ለሚበልጡ ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር ተሰጠ። መስፈርቱ በታወቁ መጽሔቶች የታተሙ ጽሑፎች ነበሩ፤ አለቀ። የረጅም ጊዜ ዕቅድ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚባል የለም። በጊዜው ዋጋ 500 ዶላር አንድን ቤተሰብ ለወራት ያኖር ነበር።

ዋርሶ ውስጥ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ ዓይነት ገንዘብ ይፈስ ነበር። ፖላንዳውያን «የማሪዮት ብርጌድ» የሚል ስም ያወጡላቸው የምዕራብ አማካሪዎች ማሪዮት ሆቴል አርፈው፣ ጥናት ጽፈው ይመለሱ ነበር። ለዚህ የሚከፍሉት በአብዛኛው መንግሥታት እንጂ ፋውንዴሽኖች አልነበሩም፤ ቢሆንም ልማዱ ወደ ሁሉም ዘልቋል። ለፖላንድ ተብሎ ከተመደበው የምክር ድጋፍ ገንዘብ ብዙው ለአማካሪዎቹ አበል ሆኖ ወደመጣበት ተመለሰ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ስሎቫኪያን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቭላዲሚር ሜቺያር አገሪቱን ከአውሮፓ መንገድ እያወጣት በነበረበት ጊዜ፣ በ1998ቱ ምርጫ ዋዜማ የአገሬው ማኅበራት «ኦካ 98» የተባለ ዘመቻ ጀመሩ። ወጣቱን ለማነቃቃት ኮንሰርት አዘጋጁ፣ ከከተማ ከተማ ዞሩ፣ የድምፅ አሰጣጡንም ለመታዘብ ተደራጁ። የውጭ ፋውንዴሽኖች ረዱ፤ ዕቅዱ ግን የስሎቫኮቹ ነበር። 84 በመቶ መራጭ ወጣ። የሜቺያር ፓርቲ አንደኛ ቢወጣም መንግሥት መመሥረት አልቻለም፤ አራት ተቃዋሚዎች ተጣምረው መሠረቱ።

ከዚያ በኋላ ለጋሾቹ መውጫቸውን ማየት ጀመሩ። በ2001 በርካታ የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች፣ «ፎርድ» እና «ሞት» (Mott) የተባሉት ያሉበት፣ የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓን ሲቪል ማኅበረሰብ የሚደግፍ የጋራ ፈንድ አቋቁመው ነበር፤ በ2012 ተዘጋ። አገሮቹ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነዋል፣ ከእንግዲህ ኅብረቱ ይረዳቸዋል ተባለ። በእኔ እምነት ይህ ከባድ ስህተት ነበር። የኅብረቱ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በመንግሥታቱ እጅ ያልፋል፤ መንግሥትን ፍርድ ቤት የሚያቆም ማኅበር ደግሞ ከዚያው መንግሥት በጀት አይጠብቅም።

የአገር ውስጥ ምንጭ ለምን አልተሞከረም የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። ሃንጋሪ በ1996 ባወጣችው ሕግ ዜጋው ከገቢ ግብሩ 1 በመቶውን ለመረጠው ማኅበር ማስተላለፍ ይችላል። ስሎቫኪያና ፖላንድም ተከተሏት። ግሩም ሕግ ነው፣ እወደዋለሁ። ሰው ግን ገንዘቡን የሚሰጠው በዋናነት ለታመሙ ሕፃናትና ለተጣሉ እንስሳት ነው። ለስደተኛ ወይም ለሮማ (ቀድሞ ጂፕሲ ይባል ለነበረው አናሳ ሕዝብ) ተወላጅ ጥብቅና የሚቆመው ማኅበር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከውጭ ይጠይቃል፤ ከውጭ በመጠየቁም ይወነጀላል።

በጁላይ 2017 በቡዳፔስት የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ሁሉ የሶሮስ ፈገግታ ተለጥፎ ነበር፦ «ሶሮስ በመጨረሻ እንዲስቅ አንፍቀድለት»። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ከውጭ በዓመት ከ7.2 ሚሊዮን ፎሪንት በላይ የሚቀበል ማኅበር ራሱን አስመዝግቦ በየኅትመቱ «ከውጭ የሚደገፍ» ብሎ እንዲጽፍ ታዘዘ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ሶሮስ ያቋቋመው የመካከለኛው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ግን እስከዚያ ድረስ ወደ ቪየና ተገፍቶ ነበር።

ያንን ዘመቻ ያስኬደው የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን በ1989 ኦክስፎርድ የተማረው በሶሮስ ስኮላርሺፕ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያነሱት ኦርባንን ውለታ ቢስ ለማለት ነው። ለእኔ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ታዛዥ አልገዛም። ለወጣት አሳቢ ሲሰጥ የወደፊት አቋሙን አላስፈረመውም። «የውጭ ወኪሎች» ለሚለው ክስ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ማኅበራቱ ራሳቸው በየመድረኩ ቢናገሩት ደስ ይለኛል።

ለጋሾቹን ደግሞ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። የአሥር ዓመት ገንዘብ ስጡ፤ ለቢሮ ኪራይና ለሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን፣ ማኅበሩ ራሱ የሚያዝበት። የመውጫችሁን ቀንም ቀድማችሁ አትቁረጡ።